ስልክ እያለ ለላይቭ ባለሙያ ለምን ይከፈላል?

የእህቴ ልጅ ስትመረቅ በቦታው አልነበርኩም። እናቴም አልነበረችም። ሁለታችንም ሊንኩን ከፍተን ከሩቅ ነው ያየነው። ምስሉ ያምር ነበር። ሦስት ካሜራ አለ፤ አንደኛው በክሬን ተሰቅሎ ከተመራቂዎቹ ራስ በላይ ይንሳፈፋል። ድምፁ ግን የሚመጣው አዳራሹ መጨረሻ ላይ ከቆመው ካሜራ ማይክ ነበር። ወንበር ሲንኳኳ ይሰማል። ሰው ሲያስል ይሰማል። የመድረኩ ንግግር ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ እንደሚጣራ ሰው ያስተጋባል። ስም መጠራት ሲጀምር እናቴ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው። አንድም ስም መለየት አልቻለችም። ጆሮዋ ላይ ስለለጠፈችው ደግሞ ምስሉን አላየችም። ልጅቷ መድረኩን አቋርጣ፣ ወረቀቷን ተቀብላ፣ ተመልሳ ከተቀመጠች በኋላ ነው «አለፈች እንዴ?» ያለችኝ። እኔም የለየኋት ከጀርባዋ ነው።

በቀረጻና በቀጥታ ስርጭት ሥራ ላይ ስለምውል ያ ቀን ከልቤ አልወጣም። የቀረጹት ሰዎች ሰነፎች አልነበሩም። ገንዘቡ የሄደበት ቦታ ነው ያናደደኝ። ክሬን ተከራይቷል። የአዳራሹን ድምፆች ከሚያቀላቅለው መሣሪያ፣ ከሚክሰሩ፣ እስከ ካሜራው የሚደርስ አንድ ገመድ ግን አልተዘረጋም።

ላይቭ መግባት ዛሬ ማንም የሚችለው ነገር ሆኗል። ዩቲዩብ የቀጥታ ስርጭት አገልግሎት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ፌስቡክ በ2016 ለሁሉም ተጠቃሚ ከፈተው። ባለሙያዎች ሳይቀሩ የሚሠሩበት ኦቢኤስ የተባለው ሶፍትዌር ከ2012 ጀምሮ በነፃ ይወርዳል። ከዚያ 2020 መጣ። ኮሮና አዳራሾችን ሲዘጋ ስብሰባውም፣ ሰርጉም፣ ቀብሩም በስክሪን ሆነ። አዳራሾቹ ተመልሰው ሲከፈቱ ልማዱ አልጠፋም። አሁን አንድ ድርጅት ጠቅላላ ጉባኤ ሲጠራ ወይም አዲስ ምርት ሲያስተዋውቅ «ላይቭ ይኖራል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከአዳራሹ ኪራይ እኩል ይነሳል።

ችግሩ የሚመጣው ዋጋ ሲቀርብ ነው። ደንበኛው ፕሮፎርማውን ያያል። ካሜራ፣ እሺ። ካሜራ ማን፣ እሺ። ከዚያ የድምፅ ባለሙያ፣ ሁለተኛ የኢንተርኔት መስመር፣ መጠባበቂያ ኢንኮደር (ምስሉን በኢንተርኔት እንዲላክ የሚያዘጋጀው መሣሪያ)፣ በዋዜማው ልምምድ የሚሉት ይከተላሉ። «ይሄ ሁሉ ለምን? የአጎቴ ልጅ በስልኩ ላይቭ ይገባ የለ እንዴ?» ይላል። እስክሪብቶውም እነሱ ላይ ያርፋል።

እኔ እንደማየው የላይቭ ሥራ ዋጋው ያለው እነዚያ የሚሰረዙት መስመሮች ውስጥ ነው። ካሜራ የሚያከራይ ሞልቷል። በተራ ቀረጻ የተበላሸ ነገር ኤዲቲንግ ላይ ይቃናል፤ ካልሆነም ተናጋሪው እንዲደግመው ይለመናል። ላይቭ ላይ የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም። ስለዚህ ደንበኛው የሚገዛው እንዳይበላሽ የሚደረገውን ዝግጅት ነው። ዝግጅቱ በደንብ ሲሠራ ደግሞ አይታይም። ማንም ተመልካች «ዛሬ ኢንተርኔቱ አልተቆረጠም፣ ጎበዞች» ብሎ አይጽፍም። የማይታይ ነገር ላይ መክፈል ለማንም ይከብዳል፤ እረዳዋለሁ።

ድምፅ

ሰው ደብዛዛ ምስል ይታገሳል። የማይሰማ ድምፅ ግን ሁለት ደቂቃ አይታገስም፤ ዘግቶ ይወጣል።

«ከሚክሰሩ ገመድ መጎተት ነው፣ አለቀ» የሚሉ አሉ። አላለቀም። አዳራሽ ውስጥ ያለው ሚክሰር የሚሠራው አዳራሽ ውስጥ ላለው ሰው ነው። ባንድ አለ እንበል። ከበሮው በራሱ ስለሚጮህ ባለሙያው በስፒከር አያወጣውም፤ ቢያወጣውም ለትንሽ ነው። ድምፃዊቷን ግን ከፍ ያደርጋታል። አዳራሹ ውስጥ ሁለቱ ተመጣጥነው ይሰማሉ። ያንኑ ድምፅ በቀጥታ ወደ ስርጭቱ ብትልኩት ቤት ያለው ሰው ድምፃዊቷን ብቻዋን ይሰማታል፤ ከበሮው ከጎረቤት ቤት የሚመጣ ይመስላል። ጭብጨባም የለም። ተናጋሪው ቀልድ ያወራል፣ አዳራሹ በሳቅ ይናጋል፣ ኦንላይን ላለው ሰው ግን ጭጭ ነው።

ስለዚህ ባለሙያው ለስርጭቱ ብቻ የሚሆን የተለየ መውጫ ከሚክሰሩ ይጠይቃል። ፊታቸውን ወደ ሕዝቡ ያዞሩ ሁለት ማይኮች ያቆማል። ከዚያ ጆሮውን በማዳመጫ ዘግቶ ቤት ያለው ሰው የሚሰማውን እየሰማ ያመጣጥናል። ይህ ሰው ካሜራ አይነካም። ሙሉ ሥራው መስማት ነው። ፕሮፎርማው ላይ መጀመሪያ የሚሰረዘውም እሱ ነው።

ትንሽ የሚመስል ሌላ ጣጣ አለ። ሚክሰሩ ከአንድ መስመር፣ የስርጭቱ ኮምፒውተር ከሌላ መስመር ኤሌክትሪክ ሲወስዱ በመካከላቸው የተዘረጋው የድምፅ ገመድ ዝቅ ያለ ጉርምርምታ ይዞ ሊመጣ ይችላል። መፍትሔው ውስጡ ትራንስፎርመር ያለበት፣ ኪስ የሚያክል ሳጥን ነው። ድምፁን ያሳልፋል፤ ሁለቱን ኤሌክትሪኮች ግን አያገናኝም። ሳጥኑን በቦርሳው የያዘ ሰው በአንድ ደቂቃ ይገላገላል። ያልያዘው ዝግጅቱ እስኪያልቅ ያንኑ ጉርምርምታ ያሰራጫል።

የከንፈርና የድምፅ አለመግጠምም አለ። ምስሉ ከካሜራ ወደ ካሜራ በሚያቀያይረው ስዊቸርና በሌሎች መሣሪያዎች ሲያልፍ ይዘገያል፤ ድምፁ በአጭር መንገድ ቀድሞ ይደርሳል። የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት እ.ኤ.አ. በ1998 ያወጣው ምክረ ሐሳብ እዚህ ላይ ግሩም ነገር ይናገራል። ድምፅ ከምስሉ በ45 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ከቀደመ ሰው ማስተዋል ይጀምራል። ወደ ኋላ ከቀረ ግን እስከ 125 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ልብ አይለውም። ተፈጥሮ ናት ያስለመደችን። ብርሃን ከድምፅ ስለሚፈጥን ከሩቅ እንጨት የሚፈልጥ ሰው መጥረቢያው ሲያርፍ መጀመሪያ እናያለን፣ ቀጥሎ እንሰማለን። ድምፅ ቀድሞ ሲመጣ አእምሯችን እምቢ ይላል። ባለሙያው አንድ ሰው መድረክ ላይ ወጥቶ ካሜራ ፊት እንዲያጨበጭብ ያደርጋል። መዳፍ ከመዳፍ ሲገናኝና ድምፁ ሲሰማ እኩል እስኪሆኑ ድምፁን ያዘገየዋል። ይህን ሕዝቡ ከገባ በኋላ ማድረግ አይቻልም። በዋዜማው የሚጠየቀው የልምምድ ጊዜ አንዱ ለዚህ ነው።

ኢንተርኔቱ

«አዳራሹ ፈጣን ዋይፋይ አለው» ሲባል እደነግጣለሁ። ፈጣን የሚባለው ብዙ ጊዜ ዳውንሎዱ ነው። ላይቭ የሚፈልገው አፕሎድ ነው። ለተራ ተጠቃሚ የሚሸጥ መስመር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ መቀበያው ሰፊ፣ መላኪያው ጠባብ ሆኖ ነው የሚሠራው።

1080ፒ ምስል በሰከንድ 30 ፍሬም ለመላክ በተለምዶ ከ4 እስከ 6 ሜጋቢት በሰከንድ ይመደባል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። የሚያስቸግረው ሳይዋዥቅ ለሰዓታት መቆየቱ ነው። ፋይል ስትልኩ መስመሩ ለ10 ሰከንድ ቢዳከም ምንም አይደል፤ ቆይቶ ያካክሳል። ላይቭ ላይ ያ 10 ሰከንድ አሸናፊው የተጠራበት ቅጽበት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከሚላከው ቢያንስ እጥፍ የሚችል፣ ለእንግዶች ያልተከፈተ፣ በገመድ የሚገባ መስመር ይፈለጋል። ዋይፋይ ለመጠባበቂያም ያሳስበኛል።

የሞባይል ዳታስ? ወጥመዱ እዚህ ነው። በዋዜማው ባዶ አዳራሽ ውስጥ ስትሞክሩት 30 ሜጋቢት ያሳያል። በቃ፣ ችግር የለም ትላላችሁ። በማግስቱ 2,000 ሰው 2,000 ስልክ ይዞ ይገባል። ፎቶ ይላካል፣ ቪዲዮ ይጫናል፣ አንዳንዱ ራሱ ላይቭ ይገባል። ሁሉንም የሚያስተናግደው ያው የኔትወርክ ማማ ነው። ትናንት 30 ያሳየው ዛሬ 1 ላይ ይንፏቀቃል። በትክክል በመክፈቻው ንግግር ሰዓት።

ለዚህ ነው ቦንዲንግ የሚባለው ቴክኖሎጂ የተፈለገው። አንድ መሣሪያ ብዙ ሲም ካርዶችን ይይዝና ምስሉን ከፋፍሎ በሁሉም ይልካል፤ ከወዲያ ማዶ ያለው ሰርቨር መልሶ ይገጣጥመዋል። የዜና ጋዜጠኞች በጀርባቸው አዝለውት የምናየው ቦርሳ ይህ ነው። አንዱ ሲም ቢደክም ሌላው ይሸከማል። ግን አራቱም ሲም የአንድ ኩባንያ ከሆኑ፣ ማማው ሲጨናነቅ አራቱም አብረው ይሰምጣሉ። አማራጭ ባለበት ቦታ የተለያዩ ኩባንያዎች ሲም መቀላቀል፣ ከጎኑ አንድ የገመድ መስመር ማስገባት ነው የሚያዋጣው። ፕሮፎርማው ላይ «ሁለተኛ መስመር» ተብሎ የተጻፈው ይህ ነው።

ምስሉ የሚላክበት ዘዴም ለውጥ ያመጣል። እስከ ዛሬ ምስልን ከአዳራሽ ወደ ዩቲዩብና ፌስቡክ ለመላክ በብዛት የሚሠራበት አርቲኤምፒ የተባለው ዘዴ፣ ድረ ገጽ ላይ ቪዲዮ ያጫውት የነበረው የድሮው ሶፍትዌር፣ የፍላሽ ዘመን ውርስ ነው። ፍላሽ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻ ድጋፉ ተቋርጧል፤ አርቲኤምፒ ግን አለ። ድክመቱ መስመሩ ላይ ጥቂት መረጃ ሲጠፋ የጠፋው እስኪደርስ የኋላው ሁሉ መሰለፉ ነው። ሃይቪዥን የተባለው ኩባንያ ሠርቶ በ2017 ለሁሉም ክፍት ያደረገው ኤስአርቲ የጠፋውን ብቻ መልሶ ይጠይቃል፤ በተቀመጠለት ጊዜ ካልደረሰ ትቶት ያልፋል። በሚዋዥቅ ኔትወርክ ላይ ልዩነቱ በዓይን ይታያል።

ከአዳራሹ የሚወጣው አንድ ቅጂ ብቻ መሆኑንም ልብ በሉ። 1,000 ተመልካች እያንዳንዱ 5 ሜጋቢት ቢወስድ በሰከንድ 5 ጊጋቢት ይሆናል። ይህን ማባዛት በብዙ ቦታ የተበተኑ ሰርቨሮች ሥራ ነው። እግረ መንገዳቸውንም ምስሉን በተለያየ ጥራት ያዘጋጁታል፤ የተመልካቹ ኔትወርክ ሲደክም ስልኩ ሳይቆም ወደ ዝቅተኛው ይወርዳል። አንዳንድ ድርጅት «ከራሳችን ድረ ገጽ ላይ ብቻ ይታይ» ብሎ ይህን ሁሉ በአንድ ሰርቨር ላይ ይጭናል። ሰው ሲበዛ ይወድቃል። ኔትፍሊክስን የሚያክል ኩባንያ እንኳ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 15፣ 2024 የማይክ ታይሰንና የጄክ ፖልን የቦክስ ግጥሚያ ሲያስተላልፍ ተንገዳግዷል። ኩባንያው እንዳለው በከፍተኛው ሰዓት በአንድ ጊዜ 65 ሚሊዮን ስርጭት ተከፍቶ ነበር። ብዙ ተመልካች ምስሉ እየደበዘዘበትና እየቆመበት ነው ያመሸው።

አንድ ነገር ደግሞ ለመድረክ መሪዎች። አፕል በ2009 ያስተዋወቀውና ዛሬ በየቦታው ያለው ኤችኤልኤስ የተባለው የማሰራጫ ዘዴ ምስሉን በተለምዶ 6 ሰከንድ አካባቢ በሚሆኑ ቁርጥራጮች እየከፈለ ነው የሚልከው። የተመልካቹ ስልክ ጥቂቱን ሳይሰበስብ አይጀምርም። ስለዚህ ቤት ያለው ሰው ከአዳራሹ 20 እና 30 ሰከንድ ወደ ኋላ ሊሆን ይችላል። መድረክ መሪዋ «ኦንላይን ያላችሁ፣ ጥያቄ አላችሁ?» ትላለች። አምስት ሰከንድ ትጠብቃለች። «ጥያቄ የለም፣ እንቀጥል» ትላለች። ያን ጊዜ ኦንላይን ያለው ሰው መጠየቁን እንኳ ገና አልሰማም። ለዓመታዊ ጉባኤ ወይም ለሥልጠና ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ሰውን ጠርቶ አፉን እንደመያዝ ነው። ለቪዲዮ ጥሪ የሚያገለግለው ዌብአርቲሲ የተባለው ቴክኖሎጂ መዘግየቱን ከአንድ ሰከንድ በታች ያወርደዋል፣ ለብዙ ሺህ ሰው ሲሆን ግን ወጪው ይከብዳል። ርካሹ መፍትሔ ለመድረክ መሪዋ አስቀድሞ መንገር ነው።

ካሜራው ላይ ብዙ አልቆይም። ከመድረኩ እስከ ስዊቸሩ ርቀት ካለ ኤስዲአይ የሚባለው፣ ባለሙያዎች ለረጅም ርቀት የሚጠቀሙበት የምስል ገመድ ይሁን። ቴሌቪዥን ላይ የሚሰካው ኤችዲኤምአይ ከ10 እስከ 15 ሜትር ሲያልፍ መታመን ያቆማል፤ መሰኪያውም እግር ሲነካው ይወልቃል። መብራቱ የሚሠራበት ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ከሆነ የካሜራው ሻተር (ለእያንዳንዱ ምስል ብርሃን የሚቀበልበት ጊዜ) ከዚያ ጋር ይስማማ፣ አለበለዚያ ምስሉ ይብለጨለጫል። ኮምፒውተሮቹና ስዊቸሩ መብራት ሲጠፋ በባትሪ የሚያቆየው ዩፒኤስ ላይ ይሰኩ። ጄኔሬተር እስኪነሳ ያለችው ጥቂት ሰከንድ ስርጭቱን ለመግደል ትበቃለች።

መሣሪያው ሁሉ ልክ ሆኖም ነገር ይበላሻል። እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 9፣ 2014 አፕል አይፎን 6ን ሲያስተዋውቅ ዓለም ሁሉ እየጠበቀ ነበር። ስርጭቱ ሲጀምር ከእንግሊዝኛው ንግግር ላይ የቻይንኛ አስተርጓሚ ድምፅ ተደርቦ ወጣ። ምስሉ እየጠፋ ለፍተሻ የሚያገለግለው ባለ ቀለም መስመር ስክሪን ይመጣ ነበር። በገንዘብ ከሆነ ከዚያ በላይ የሚችል የለም። የትኛው ድምፅ ወደ የትኛው መስመር እንደሚሄድ በመጨረሻዋ ደቂቃ ራሱ ሰምቶ የሚያረጋግጥ ሰው ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ለእኔ ከዚህ በላይ ማሳያ የለም።

የቅጂ መብትም አለ። ሴፕቴምበር 2፣ 2012 ቺካጎ ውስጥ ለሳይንስ ልቦለድ ሥራዎች የሚሰጠው የሁጎ ሽልማት ዩስትሪም በተባለ የቀጥታ ስርጭት ድረ ገጽ ላይ ይተላለፍ ነበር። ከዕጩዎቹ ሥራዎች አጫጭር ቅንጫቢዎች ታዩ፤ ፈቃድ ያላቸው ነበሩ። አሸናፊው ንግግር ሲጀምር ስርጭቱ ተቆረጠ። ቅንጫቢዎቹን የለየው ሰው አልነበረም፤ አውቶማቲክ ሶፍትዌር ነው። ስለ ፈቃዱ የሚያውቀው ነገር አልነበረውም። ዝግጅቱ እስኪያልቅም ስርጭቱ አልተመለሰም። ዛሬ እነዚህ ሶፍትዌሮች በየመድረኩ ተስፋፍተዋል። በእረፍት ሰዓት ዲጄው የሚያጫውተው አንድ ዘፈን ከሰዓት ያለውን ፕሮግራም ሊያስቆም ይችላል። ልምድ ያለው ቡድን በእረፍት ሰዓት የአዳራሹን ድምፅ ከስርጭቱ ይቆርጥና ፈቃድ ያለው ሙዚቃ በራሱ ያስገባል። ማንም አያየውም፣ ማንም አያመሰግነውም።

ዋጋው ላይ ስትነጋገሩ

በጀት ከሌለ ሦስቱን ካሜራ ሁለት አድርጉት። ክሬኑን ተዉት። አንድ ካሜራና ጥርት ያለ ድምፅ፣ ከአራት ካሜራና ከሚያስተጋባ ድምፅ ይበልጣል። ከሥራው ውስጥ ልምምዱን ግን አትቁረጡ። ልምምድ ስል መሣሪያ መፈተሽ ብቻ አይደለም። ተናጋሪው በዕለቱ የሚጠቀምበትን ላፕቶፕ ራሱን ይዞ ይምጣ፣ ይሰካ፣ ቪዲዮውን ያጫውት። በዕለቱ ጠዋት ሌላ ላፕቶፕ ይዞ መጥቶ ስክሪኑ ጨልሞ የቀረበትን ሰው ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ስላይዱንም በስልክ ይየው። ብዙ ተመልካች የሚያየው በስልክ ነው፤ አዳራሹ ግድግዳ ላይ የሚነበብ ጽሑፍ እዚያ ጉንዳን ይሆናል።

ባለሙያውን ስታናግሩ የካሜራውን ሞዴል ከመጠየቅ ይልቅ «ኢንተርኔቱ ቢቆረጥ በምን ያህል ሰከንድ፣ በምን ትመለሳላችሁ?» በሉት። «ድምፁን በማዳመጫ የሚከታተለው ማን ነው?» በሉት። መልሱ «አይቆረጥም፣ አታስቡ» ከሆነ ሌላ ሰው ፈልጉ። የሚሠራበትን የሚያውቅ ሰው ይህን ጥያቄ ይወደዋል፤ ዘርዝሮ ይነግራችኋል።

ቅጂውን ደግሞ አስቀድማችሁ ተዋዋሉ። በ6 ሜጋቢት የተሰራጨ ምስል በሰዓት 2.7 ጊጋባይት ገደማ ነው። ካሜራው ራሱ በ50 ሜጋቢት ሲቀርጽ 22.5 ጊጋባይት ይሆናል። ልዩነቱ ምስሉ ውስጥ ያለው ዝርዝር ነው። በኋላ ለማስታወቂያ የሚሆን አጭር ቪዲዮ ለመሥራት ከዩቲዩብ ላይ ማውረድ አያዋጣም። እያንዳንዱ ካሜራ ለብቻው ይቅረጽ፣ ዋናው ቅጂም በቦታው በሃርድ ዲስክ ይያዝ። ስርጭቱ ቢቋረጥ እንኳ ቀረጻው ይተርፋል። ጥሬ ምስሉ የማን እንደሆነ፣ እስከ መቼ ተቀምጦ እንደሚቆይ ውሉ ላይ ይጻፍ። ከስድስት ወር በኋላ «አጥፍተነዋል» የሚል መልስ የደረሳቸው ድርጅቶች አውቃለሁ፤ ከሕግ አንጻር የሚከራከሩበት ነገር አልነበራቸውም።

እኔ በምይዛቸው ሥራዎች ላይ አንድ ሰው ከአዳራሹ ውጭ አስቀምጣለሁ። ተራ ስልክ፣ ተራ የሞባይል ዳታ፣ ያለ ጆሮ ማዳመጫ። ሕዝቡ ከመግባቱ በፊት የሙከራ ስርጭት እንከፍታለን። አንድ ሰው መድረክ ላይ ወጥቶ እኛ ያልነገርነውን አምስት ስም በማይክ ይጠራል። ውጭ ያለው የሰማውን በቴክስት ይልክልኛል። አምስቱም ስም ልክ ሆኖ እስኪመጣልኝ ድረስ ድምፁ ተስተካክሏል አልልም።